ቀጂውና ምንጩ

የይፋትን ጥንታዊ ታሪክ ከጻፉልን ሰዎች አንዱና ዋነኛው ይፋትን በዓይኑ አላየም። ሺሃብ አል-ዲን አል-ዑመሪ ይባላል፤ በ1301 ተወልዶ በ1349 ያረፈ የደማስቆ ሰው፣ በካይሮ የመምሉኮች ቤተ መንግሥት ጸሐፊ የነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሐበሻ በጻፈው ምዕራፍ ሰባት የእስላም ግዛቶችን፣ ማለትም ይፋትን፣ ደዋሮን፣ አራባብኒን፣ ሀድያን፣ ሻርካን፣ ባሌንና ዳራን በየተራ ይተርካል። እህላቸውን፣ ፍራፍሬያቸውን፣ የሠራዊታቸውን ብዛት፣ ጫታቸውን ሳይቀር ይነግረናል። እንዴት ዐወቀ? ሰው ጠይቆ ነዋ። ማንን? እሱንም ጽፎታል፤ ሼኽ ዐብደላ አዝ-ዘይለዒንና ባልንጀሮቹን።

ይህ የአንድ ሰው ስም ብዙ ጊዜ ያስደንቀኛል። አል-ዑመሪ ቢፈልግ ኖሮ ስሙን ሊውጠው ይችል ነበር፤ ካይሮ ተቀምጦ ማን ይጠይቀዋል? ወሬውን የራሱ ዕውቀት አስመስሎ ቢያቀርበው ከሳሽ የለበትም። ስሙን ግን ጻፈው። ስለ ጻፈውም ከስድስት መቶ ሰባ ዓመት በኋላ እኔ፣ የይፋት ልጅ፣ የአገሬን ወሬ እስከ ግብፅ ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ እስላማዊ ነገሥታት መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ስለ አገሩ የጻፈው አብዛኛው ከአል-ዑመሪ የተቀዳ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ግን መቅሪዚን ነው። ዘይለዒው ከሦስተኛው እጅ በኋላ ጠፋ ማለት ነው።

እሱ እንኳ ዕድለኛ ነው። ንጉሥ ዐምደ ጽዮን በ1332 ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ያደረገውን ጦርነት የሚተርከውን የግእዝ ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው፣ ጸሐፊው በቦታው የነበረ ያህል ሆኖ ይሰማዋል፤ የቁጣው ትኩሳት፣ የንግግሩ ፍጥነት፣ የዘመቻው ድካም ሁሉ አለበት። የጸሐፊው ስም ግን የለም። ጁል ፔሩሾን በ1889 በፈረንሳይኛ አሳተመው፣ ሃንቲንግፎርድ በ1965 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ የሁለቱም ስም ከሽፋኑ ላይ ጉልህ ሆኖ ይነበባል። ከይፋት በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት ታሪክ የያዘው ዐረብኛ ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ በ1941 ኤንሪኮ ቼሩሊ ካሳተመው ወዲህ «የቼሩሊ ሰነድ» እስከ መባል ደርሷል። ቼሩሊ አገኘው እንጂ አልጻፈውም! አግኚውና አሳታሚው ባለስም፣ ደራሲው ባለ ዕዳ የሌለው ሙት ሆነው ቀሩ።

አማርኛችን ለዚህ ነገር አንድ ድንቅ ቃል አለው፤ መቅዳት። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ጠላ ከእንስራ ይቀዳል፣ መጽሐፍም ከመጽሐፍ ይቀዳል። የኮምፒዩተር ሰዎች ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያከፋፍለው የሚችለውን ፕሮግራም «ክፍት ምንጭ» ብለው ሲሰይሙት ሳያስቡት ከዚሁ ቃል ጎን አስቀመጡት። ውሃ በሚወደድበት ቆላ ላደገ ሰው ክፍት ምንጭ ማለት ባለቤት የሌለው ምንጭ ማለት አይደለም። በቦረና የቱላ ጉድጓዶች ዘንድ ጉድጓዱን በመጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው «ኮንፊ» ይባላል፤ ማዕርጉ ለዘሩ ይተርፋል፣ የየዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ሹም ደግሞ ሌላ ነው። ሰውና ከብቱ ከዚያ ጉድጓድ በተራው ይጠጣል፤ የቆፋሪው ስም ግን አይሰወርም።

ወደ ብራናችን እንመለስ። የጥንት ቁም ጸሐፊ መጽሐፉን ሲፈጽም ከመጨረሻው ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ለራሱ ያስቀር ነበር፤ ያስጻፈው እገሌ ነው፣ የጻፍኩት እኔ ኃጢአተኛው እገሌ ነኝ፣ በጸሎታችሁ አስቡኝ። ከዚያም መጽሐፉን የሰረቀ፣ የፋቀ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። እንግዲህ ውግዘቱ «የገለበጠ» እንደማይል ልብ በሉ። መገልበጥማ ጽድቅ ነው፤ መጽሐፍ የሚኖረው ሲገለበጥ ነውና። ኃጢአቱ መፋቅ ነው። ይህም ሆኖ የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው በየገዳሙ የሚያየው የተፋቀ ስም ነው። አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በምላጭ ፍቆ በሻካራው ቦታ ላይ የራሱን ያስጽፋል። በአንዳንዱ ላይ የሦስተኛ ሰው ስም ተጽፎ ብራናው ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ያሳልፋል።

ጸሐፊው ስሙን ሳይጽፍ የቀረበትም ብዙ ነው። ይህን ግን ከመፋቅ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። ስሙን በትሕትና የሰወረ መነኩሴ የሰጠው ነገር ነው፤ ስሙ የተፋቀበት ሰው ግን የተወሰደበት ነው። የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ልዩነት በደንብ ዐውቆታል፤ ደራሲ ስሙ እንዲጠራለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ሁሉ፣ ስሙን የመሰወር ወይም በብዕር ስም የመጠቀም መብትም ሰጥቶታል። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም በዚያው ዐዋጅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ሊቃውንቱ በትርጓሜና በቅኔ ያቆዩት ሥርዓትም አለ። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤው መካከል የሚደርስበትን እፍረት የቅኔ ቤት ሰው ይንገራችሁ። ከመርሐቤቴ የወጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ሲያሳትሙ የቅኔዎቹን ባለቤቶች ስም ማኖራቸው ከዚሁ ወግ የመጣ ነው። የአንድምታ ትርጓሜ ግን የጋራ ሀብት ነው፤ መምህሩ ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ያስተምራል፣ የራሱንም «አንድም» ብሎ ይጨምርበታል። በጎንደር ዘመን መምህር እስድሮስ ነባሩን ትርጓሜ አርመውና ጨምረው ሲያስተምሩ አዲሱ መንገድ «የታች ቤት» ተባለ፤ ነባሩም «የላይ ቤት» የሚል ስሙን ይዞ ቀረ። ይህ ነገር ዛሬ በፕሮግራም ሠሪዎች ዘንድ አንዱ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም በየስማቸው ሲቀጥሉ ከሚሆነው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ባየሁ ጊዜ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ፊደላችን ኮምፒዩተር ውስጥ የገባበት ታሪክ ደግሞ የማካፈልና የመሰሰት ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የነበሩት ፍሥሓ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኢት በሚባለው ፕሮግራማቸው ግእዝን በኮምፒዩተር አስጻፉ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እኔ ዳኛ አልሆንም። ከዚያ በኋላ ብዙ ድርጅት ብዙ የፊደል ቅርጽ አወጣ። ክፋቱ ምን ነበር? እያንዳንዱ «ሀ»ን በተለያየ ቁጥር ላይ አስቀመጠው። በአንዱ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ፍርስራሽ ይሆናል። የኮድ ሠንጠረዡን አብዛኛው ሰው እንደ ንግድ ምስጢር ይዞት ነበርና በዚያ ዘመን የተጻፈ ስንት ልብ ወለድ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የማኅበር ቃለ ጉባኤ ዛሬ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ተኝቶ አንባቢ አጥቶ ይኖራል።

በዚያው በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድ ይወቅ ግእዝን በላቲን ፊደል የሚወክል ሥርዓት አውጥተው ማንም እንዲገለገልበት ለሕዝብ ለቀቁት። የስሙ ምሕፃር «ሴራ» ነው፤ በአማርኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። በስውር የተሠራ ነገር ግን አልነበረበትም። በመስከረም 1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው ዕትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ነጥቦችን ተቀበለ። ከዚያች ቀን ወዲህ «ሀ» በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር አላት፤ ቁጥሯም የማንም ንብረት አይደለም። በ2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ መጣ፤ አቢሲኒካ የሚባለው ፊደል ደግሞ በክፍት ፈቃድ ተለቀቀ። ዛሬ በስልኩ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ልጅ ከእነዚህ ሰዎች የአንዱንም ስም ሳያውቅ ያድጋል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የምንጩ ደጅ ላይ ማንም ስም አልጻፈለትም።

ስለ ልጅ ካነሣሁ የእህቴን ልጅ ላምጣው። ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማበር ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት፤ ሽንኩርትና ማሾ የሚጫንባት። ልጁ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ኮድ መጻፍ ያስተማረው ሰው የለም፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻውን ለመደው። ለአንድ የሽንኩርት ነጋዴ የዱቤ መዝገብ ሠራለት። ነጋዴው ዱቤውን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የባንኩ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን ያስታርቃል። ልጁ ለማንም በነፃ ሰጠው። ዝቅ ብሎ ባለው ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ግን የልጁን ስም አጥፍቶ በራሱ ስም አሠራጨውና ተመሰገነበት።

የተናደደ መስሎኝ ላጽናናው ጀመርኩ። «ጋሼ፣ መውሰዱማ ደስ ብሎኛል» አለኝ። «እሳት የሚጭር ጎረቤት እሳቴን አይቀንስብኝም። ከየት እንደጫረው ሲጠየቅ ግን ከራሴ ምድጃ ነው ማለቱ ምን ይባላል?» ደግሞም የተናገረው የክብር ነገር ብቻ አልነበረም። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ላይ ስሕተት አግኝቶ አርሞት ነበር፤ ስሙ በሌለበት ቅጂ የሚጠቀሙ ነጋዴዎች ግን እርማቱ ከማን እንደሚመጣ አያውቁም። ስም ማለት ለእሱ ምስጋና መቀበያ ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ የሚጠራበት አድራሻ ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ማሰቡን ወደድኩለት።

ከዚያ ኮዱን አብረን አየነው። እኔ ኮድ አላነብም፤ ቁጥር ግን አነባለሁ። በአንድ ቦታ 1723856 የሚል ቁጥር አለ፤ ከዓመተ ምሕረት መነሻ ጋር የተያያዘ የቀን ቆጠራ ነው። ከሥሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 285019 የሚል ሌላ ቁጥር አለ። «ይህስ?» አልኩት። «የዓመተ ዓለም ነው።» የሁለቱ ልዩነት 2,008,875 ቀን፣ ማለትም ልክ 5,500 ዓመት መሆኑ ነው፤ ሊቃውንቱ ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጥሩት። የሽንኩርት ነጋዴ በዓመተ ዓለም ዱቤ ያበድራል? አያበድርም። ቁጥሩ እዚያ የተገኘው ልጁ የስሌቱን ክፍል ሳይነካው ከሌላ ቦታ ስለ ቀዳው ነው። የብራና ተመራማሪዎችም ሁለት መጻሕፍት ከአንድ አባት መወለዳቸውን የሚለዩት እንዲህ ባለ ነገር ነው፤ በትክክሉ ቃል ሳይሆን በጋራው ስሕተትና በማያስፈልገው ትርፍ።

ልጁ ዝም አለ። ከማን እንደ ቀዳው ግን ሊነግረኝ አልቻለም፤ ያገኘው ፋይል ራስጌው ተቆርጦ ነበር። ቆይተን ፈለግነው። ስሌቱ በባለሙያዎች ዘንድ የበየነ-ኩድሌክ ስሌት ይባላል፤ ዶክተር ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ናቸው ባለቤቶቹ። ከፕሮግራም ሠሪዎች ጋር ያስተዋወቀው ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት የዳንኤል ያዕቆብ ጥረት ነው። እንግዲህ የሽንኩርት ነጋዴው ሳያውቅ የእነዚህ ሁሉ ተበዳሪ ነበር።

ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል? የክፍት ምንጭ ፈቃዶች ብዙ ናቸው፣ ጠባያቸውም ይለያያል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የጀመረው እንቅስቃሴ በ1989 ያወጣው ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ፣ ያሻሻልከውን ስታከፋፍል አንተም ምንጩን ክፈት ይላል። በዚህ ፈቃድ ከተለቀቁት መካከል ማይክል ጋሰር የሠራው፣ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ግሥ የሚፈታው ሆርንሞርፎ ይገኛል። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ከሞላ ጎደል የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለቤቱን ስምና ፈቃዱን አታጥፋ። ማለትም አትፋቅ! በ2005 የወጣው የፊደላት ክፍት ፈቃድ ደግሞ የሚገርም አንቀጽ አለው፤ ባለቤቱ ስሙን «የተጠበቀ ስም» ካለው፣ ፊደሉን የለወጠ ሰው ልውጡን በዚያው ስም ሊጠራው አይችልም። ሥራዬን ውሰድ፣ ያልሠራሁትን ግን በስሜ አትጥራ ማለት ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት ነገር።

ስም መጥራትም ሲበዛ ሸክም እንደሚሆን መካድ አይገባም። የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ፈቃድ ፕሮግራሙን ለሚያስተዋውቅ ሁሉ የዩኒቨርሲቲውን ስም እንዲጠቅስ ያስገድድ ነበር። ሌሎችም እያዩ የየራሳቸውን ስም እየተኩ ፈቃዱን ቀዱት። ስቶልማን በ1997 በአንድ ሥርዓት ውስጥ 75 እንዲህ ያሉ የግዴታ ዐረፍተ ነገሮችን ቆጠረ። ማስታወቂያው ሁሉ ምስጋና ሊሆን ምን ቀረው? በርክሊ በ1999 አንቀጹን ሠረዘው፤ በምንጩ ውስጥ ስም መቆየቱ ግን ግዴታነቱ አልቀረም። የሸማ ጥለት የሠራውን ሁሉ በየአደባባዩ መጥራት አይቻልም፤ ጥለቱን ለሚገለብጠው ሰው ግን መንገር ይቻላል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊት የሚባለው መሣሪያ በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የቁም ጸሐፊዎቻችንን ወግ ያስታውሰኛል። ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ስም ይመዘግባል፤ የደራሲውንና ለውጡን ወደ መዝገቡ ያስገባውን። ደራሲና ጸሐፊ ተለይተው። የእያንዳንዱን መስመር ባለቤት የሚያወጣው ትእዛዝ ስሙ «ወቀሳ» መሆኑ ግን አላስደሰተኝም፤ ቢያንስ አንዳንድ ቀን «ምስጋና» ሊባል በተገባው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የእኛ ቆላ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ምን እንዳሳለፈ ታውቃላችሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋሮቢት ገባ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፕሮግራም የሚሄደው እንደ ጥንቱ ከእጅ ወደ እጅ፣ በፍላሽ ነው። መቃጠልን የሚቋቋመው ቅጂው የበዛ ነገር ብቻ ስለ ሆነ ስለ መቅዳት ክፉ መናገር አልችልም። ነገር ግን ፍላሽ ላይ መዝገብ አብሮ አይጓዝም፤ ስሙ የሚጓዘው ፋይሉ ራሱ ውስጥ ከተጻፈ ነው። የሚያጠፋውም አንድ ቁልፍ ነው፤ ምላጭ እንኳ አያስፈልግም።

ልጁ ራስጌውን እንደገና ጻፈው። በመጀመሪያው መስመር የራሱን ስም ሳይሆን የበየነንና የኩድሌክን አስቀደመ፤ በሁለተኛው ዳንኤል ያዕቆብን። ሦስተኛው የራሱ ነው፤ የጳጉሜን እርማትም እዚያው ተመዝግቧል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጠየቀኝ፤ ስሌቱን እሱ ወደሚጽፍበት የኮድ ቋንቋ መልሶ ያኖረውን፣ ራስጌው የተቆረጠበትን ያን ሰው ምን ብለን እንጻፈው? «እንደ ሆነው ጻፈው» አልኩት። «ይህን ክፍል የጻፈውን ሰው ስም አላገኘሁም፤ የሚያውቅ ይጻፍልኝ» ብሎ ቦታውን ክፍት ተወለት።

ፕሮግራሙ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው በሚገናኙበት በሰንበቴው የእሑድ ገበያ ሳይቀር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተቀዳ ይዞራል። አራተኛውን መስመር እስካሁን የሞላ የለም።